መኪናዋ የእሷ ናት

ጎፋ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 1975 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እናቴ፣ ለባለቤቴ እናት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከደጅዎ ደርሶ ጉልበትዎን ይሳምልኝ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? የቀኝ ጉልበትዎን ዝናቡ እንደሚያብስብዎት ስለማውቅ ሰማዩ ሲጠቁር እርስዎን አስባለሁ። ባለፈው ስመጣ ቤቱ በጓሮ በኩል ያፈስ ነበር፤ ሣሩ ተቀየረ? የጥቁሯ ላም ጥጃስ ጠናች? እንሰቱን ውርጭ አልነካብዎትም?

እኛ ዘንድ ቀመሪያ ደኅና ናት፤ ክፍሏን አልፋ ለመስከረም ስምንተኛ ትገባለች። ከድጃም ደኅና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ።

ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ የጻፍኩት እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት ነው። የመሠረተ ትምህርቱን ፈተና ማለፍዎን የሰማን ዕለት ልጅዎ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ነው የዋለው። «እናቴ ከእንግዲህ ደብዳቤዋን ሰው አያነብላትም» ይል ነበር። ስለዚህ አደራዎን፣ ይህን ለጎረቤት ልጅ እንዳይሰጡት። ለብቻዎ ሆነው ቀስ ብለው ያንብቡት። የሚያስቸግርዎ ቃል ቢኖር ይለፉት፤ ነገሩ አይጠፋብዎትም።

ሱቁ መዘጋቱን ሰምተዋል። እንዴት እንደተዘጋ ግን ልጅዎ አልነገረዎትም። «ሥራ ቀዝቅዞ ነው» ብሎ እንዳጻፈልዎት አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነቱ እንዲህ ነው። ከአሰብ የሚመጣ ብርድ ልብስና ጨርቅ ነበረው፤ ጥቂቱን በራሱ ገንዘብ፣ የሚበዛውን ከሰው በዱቤ፣ በእምነት የገዛው። የጫነው መኪና መንገድ ላይ ከነዕቃው ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ የሚናገር የለም። ሾፌሩ ተርፎ መጥቶ «ጋሼ፣ አመዱን አይቼ መጣሁ» አለው። ልጅዎ ምሳ አብልቶ፣ ለመሳፈሪያ ሰጥቶ ሸኘው። ከዚያ ሱቁ ገብቶ ባዶውን መደርደሪያ ሲወለውል ዋለ።

ዕቃቸውን በእምነት የሰጡት ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ። አንደኛውን አያውቁትም። ሁለተኛው ሙሄ ነው፤ የእናንተው አገር ልጅ፣ ከልጅዎ ከሱልጣን ጋር አብሮ ቁርአን የቀራው፣ እርስዎ ቤት አብሮት የበላው ሙሄ። ሙሄ ታገሠ። ያኛው አልታገሠም፣ ከሰሰ። እሱ ከከሰሰ ደግሞ ሙሄም ዝም ቢል ምንም ሳይደርሰው ሊቀር ነው፤ እሱም ክሱ ውስጥ ገባ። ልጅዎ አልተቀየመውም። «እኔም ብሆን እንደሱ አደርግ ነበር» አለ። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ሁሉ አይቶ ልጅዎ ከስሯል ብሎ ወሰነ፤ ንብረቱን ሰብስቦ እንዲሸጥም አቶ ደምሰው የሚባሉ ሰው ሾመ።

አቶ ደምሰው ቤታችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሳል ያስቸግራቸዋል። አልጋና ድስት እንደማይነካ ነገሩን። ሱቁ ውስጥ የቀረውን፣ ሬዲዮኑን፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን መዘገቡ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆሙና ግቢ ውስጥ ያለችውን ፔጆ አዩዋት። «ይቺስ የማን ናት?» አሉ። ሊብሬዋን አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ በእኔ ስም ነው። አገላበጡትና «እመቤት፣ ስም ብቻውን አይበቃም» አሉኝ። «በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የሁለታችሁ ነው ይላል ሕጉ። የሁለታችሁ ከሆነች ትሸጣለች። በራስዎ ገንዘብ የገዟት መሆኑ ችሎት ላይ ከተረጋገጠ ግን ማንም አይነካብዎትም።» ክፉ ሰው አልነበሩም። ሻይ አቀረብኩላቸው፣ ጠጥተው ሄዱ።

መኪናዋ እንዴት እንደተገዛች እርስዎ ያውቃሉ። ቀመሪያ በተወለደችበት ዓመት ልጅዎ በራሱ ገንዘብ ነው የገዛት። ከሙሄ ጋር ሆነው ከሻጩ ቤት ድረስ ሄደው፣ ሁለቱም እየተፈራረቁ ነድተዋት መጡ። «ለልጄ እናት ስጦታ ነው» ብሎ በስሜ አዞራት። ያኔ ሴት ስትነዳ ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ እሱ ግን ላፍቶ ሜዳ ወስዶ፣ ላሞቹን በጡሩምባ እያባረረ አስተማረኝ። እርስዎንም ከቡታጅራ እስከ ቤትዎ ወስዶዎት የለ? መንገዱን ሙሉ ዐይንዎን ጨፍነው ሱራ ሲቀሩ ነበር።

እኔ «ትሂድ» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ብረት ናት፤ ትሂድ። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ቤቱ የቀበሌ ነው። ሱቁ የለም። ወርቅሽ አልቋል። ይቺም ከሄደች ልጆቹ ምን ላይ ይቆማሉ?»

«በእሷስ ቢሆን ምን እንሠራለን?» ብዬ ብጠይቀው «ወተት» አለ። ለካ ሲያስብበት ኖሯል። ላፍቶ ያሉት ገበሬዎች ላም ሞልቷቸው ወተቱን ከተማ የሚያደርስላቸው የለም፤ እኛ ሰፈርና መካኒሳ ደግሞ ወተት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። መኪና ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት አምጥቶ ቢያድል ቤቱን ያኖራል።

ችሎት ላይ የሚባለውንም አስቦበታል። «በመህርሽ ወርቅ የገዛሻት ናት እንላለን» አለ።

እናቴ፣ ያ የጥሎሽ ወርቅ አባቴ ታሞ ተሸጦ ማለቁን እርስዎ ያውቃሉ። በሠርጌ ዕለት አንገቴ ላይ ያሰሩልኝ እርስዎ ነበሩ፤ ሲሸጥም አማክሬዎት ነው። መኪናዋ ስትገዛ አንገቴ ባዶ ነበር። «መሐላ አለው እኮ» አልኩት። «የምምለው እኔ ነኝ። ቁርአኑን የምመታው እኔ ነኝ፤ አንቺን አይመለከትሽም» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቤታችን ውስጥ አልተነሣም። እሱ ሲወስን ድምፁ ዝቅ እንደሚል ያውቁታል። ያን ቀን ዝቅ አለ።

ችሎቱ የሞላ አልነበረም። ከሳሾቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሙሄ ነጭ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይዞታል። ዳኛው ልጅዎን አስነሥተው ቁርአን አስመጡለት። እጁን ጫነ። «መኪናዋ በማን ገንዘብ ተገዛች?» ተባለ። «በባለቤቴ የመህር ወርቅ» አለ። «ከአንተ የገባ ገንዘብ አለ?» ተባለ። «አንድ ሳንቲም የለኝበትም። መኪናዋ የእሷ ናት» አለ።

ዳኛው ወደ ከሳሾቹ ዞረው የሚቃወም እንዳለ ጠየቁ። ያኛው ነጋዴ የሚያውቀው ነገር የለም። ሙሄ ግን ያውቃል። በዚያች መኪና የመጀመሪያ ቀን አብሮ የነዳት ነው። እኔ ሙሄን አየሁት። ሙሄ ቆቡን አየ። «የምለው የለኝም» አለ። ዳኛው እኔንም የምጨምረው እንዳለ ጠየቁኝ፤ የለም አልኩ። አለቀ። መኪናዋ ከሚሸጠው ንብረት ወጣች።

ውጪ ሙሄ እንደ ድሮው እጃችንን ጨብጦ ሰላም አለን። «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» አለ። «ደኅና ናቸው» አልነው። ሄደ።

እኔ መኪናዋን ከፍቼ ገባሁ፤ ከጎኔ ያለውንም በር ከፈትኩለት። ልጅዎ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ በእግሬ እመጣለሁ» አለኝ። ማሰብ የፈለገ መስሎኝ ሄድኩ። ከዚያ እስከ ጎፋ ረጅም መንገድ ነው፤ ሲመጣ ጫማው ነጭ አቧራ ሆኗል። በማግሥቱም መኪናዋ ውስጥ አልገባም። ከዚያም በኋላ አልገባም።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ አነጋገሩን ልብ አልኩ። ድሮ «መኪናችን» ነበር የሚለው። አሁን «መኪናሽ» ማለት ጀመረ። «መኪናሽ ዘይት ትፈልጋለች።» «መኪናሽን ጥላ ሥር አቁሚያት።» ዘይቷን ይቀይራል፣ ጎማ ሲፈነዳ ተኝቶባት ይሠራል፣ ያጥባታል። ሊያንቀሳቅሳት ሲፈልግ ግን እኔን ይጠራል። አንድ ቀን ቀመሪያ «አባ፣ ለምን አትነዳትም?» አለችው። «የእናትሽ ናት፤ የሰው ነገር በሥርዓት ነው» አላት። ልጅቷ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔ ድስቱን ሳማስል ነበር፤ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ወተቱ ግን ሠመረ። የኋላውን ወንበር አንሥተን ጀሪካኖቹን ደረደርንበት። እሱ ሱብሒ ሰግዶ በእግሩ ላፍቶ ይወርዳል። እኔ ስደርስ ከገበሬዎቹ ከእነ ዳባና ከእነ ኢታና ቤት ወተቱን አሰብስቦ፣ አስለክቶ፣ በጨርቅ አጥልሎ ይጠብቀኛል። መኪናዋ ላይ ይጭናል፣ በሩን ይዘጋል፣ «በሰላም ግቢ» ይለኛል። እኔ እሄዳለሁ። እሱ ባዶውን ጀሪካን በትከሻው አንጠልጥሎ በእግሩ ይመለሳል። ቤንዚኑ በኩፖን ስለሆነ እንዳይባክን የትኛው ቤት ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚደርስ ያወጣው እሱ ነው። ሥራው የእሱ ነበር፤ መንዳቱ ብቻ የእኔ።

ዳባ ደግ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ነገሩ ከንክኖት «ቦታ የለም እንዴ? ሰውየውን ጥለሽው ትሄጃለሽ?» አለኝ። ልጅዎ ቀድሞ «መኪናዋ የእሷ ናት፤ እኔ የወተቱ ሠራተኛ ነኝ» አለና ዳባን አሳቀው። ከዚያ ወዲህ የላፍቶ ልጆች «የወተቱ ሠራተኛ» እያሉ ነው የሚጠሩት።

ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረ። ጎፋ ያሉትን ሼህ ሄዶ እንዳማከራቸው የነገረኝ ቆይቶ ነው። ሼሁ «የአላህን ተጸጽተህ በተውበት ትመልሳለህ። የሰው ሐቅ ግን ከሰውየው ጋር ነው የሚያልቀው» አሉት። ያን ሰምቶ መርካቶ ሙሄ ሱቅ ድረስ ሄዷል። ሙሄ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር አየው፤ ውጪ ቆመ፤ ተመለሰ። ሌላ ጊዜም ሄዶ ተመልሷል። «ምን ብዬ ልጀምር?» ይለኛል። «ልጆቼ በልተውበታል፤ አሁን ምኑን ልመልስለት?»

እንዲህ ሆኖ ክረምት ገባ። የላፍቶን ጭቃ አያውቁትም፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል። አንድ ጠዋት ዶፍ እየወረደ ወተቱን ጭኜ ስመለስ መካኒሳ አቅራቢያ ደረስኩበት። ጋቢው ከላዩ ላይ ተጣብቋል። አቆምኩና በሩን ከፈትኩ። «ግባ» አልኩት። «ወተቱ ይበላሻል፣ ሂጂ» አለኝ። «ሱልጣን፣ ሰው ያየናል፤ ባሏን በዝናብ እያስኬደች እሷ በመኪና ይለኛል» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየኝ፤ ውኃው ከጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። «ቁርአን መትቼ የለኝበትም ብያለሁ» አለኝ። «ከገባሁ አለኝበት ማለት ነው። ተይኝ፣ በእግሬ ስሄድ ቢያንስ ውሸቱ አይጨምርም።» በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ከጎኑ መታ መታ አደረገው፤ ሂጂ ማለቱ ነው። ሄድኩ። ወተቱን አርባ ቤት ይጠብቀው ነበር።

ማሳል ጀመረ። ዝንጅብል አፈላሁለት፣ ፌጦ ሰጠሁት። ላብ ያጠምቀዋል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። «ተኛ» ስለው «ነገ» ይለኛል፤ ነገ ደግሞ ሱብሒ ሰግዶ ይወጣል። አንድ ጠዋት መስገጃው ላይ ለሱጁድ ግንባሩን እንደደፋ ሳይነሣ ቀረ። ጎረቤታችንን ደገፋን ጠራሁት፤ ፋብሪካ የሚሠራው፣ የዓለሚቱ ባል ነው። ተጋግዘን አነሣነው። ራሱን አያውቅም ነበር። ጀሪካኖቹን አውጥተን፣ በቦታቸው ፍራሽ ዘርግተን፣ መኪናዋ ውስጥ አስተኛነው። ደገፋ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ነዳሁ።

ቄራ ጋ ስንደርስ ነቃ። «የት ነኝ?» ሲል ሰማሁት። «ሆስፒታል እየሄድን ነው» አለው ደገፋ። «በምን?» አለ። ደገፋ በመስተዋቱ አየኝ። እኔ ከፊት ሆኜ «በታክሲ ነው፣ አይዞህ» አልኩት። ድምፁ እንኳ በደንብ አይወጣም፣ «ታክሲው ወተት ወተት ይሸታል» አለ። እኔ ወደ ፊት ብቻ አየሁ። ከኪሱ ሳንቲም ፈልጎ አወጣና ደገፋ እጅ ላይ አደረገለት። «ለባለመኪናዋ ሒሳቧን ስጥልኝ፤ በነፃ አልሳፈርም» አለው። ደገፋ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው፣ ዘግይታችኋል አሉ። ያላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ በእነሱ አላዝንም። አፍንጫው ላይ አየር ሰኩለት። ከሰዓት በኋላ ተሻለው፤ ተነሥቶ ተደግፎ ተቀመጠና አወራኝ። ስለ ልጆቹ አወራ፤ ከድጃ ስታፏጭ ቁርአን እንዴት ልትቀራ ነው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስለ እርስዎ አነሣ።

ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎት፤ አደራ ብሎኛልና። «ለእናቴ ንገሪያት» አለኝ። «የመህርሽ ወርቅ ሳይኖር አለ ብዬ ነው ቁርአን የመታሁት። እሷ ናት በእጇ ያሰረችልሽ፤ በእሷ ነገር ነው የዋሸሁት። ንገሪያትና መጀመሪያ ትቆጣኝ። ልጅ ሆኜ እንደምትቆጣኝ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትቆጣኝ። ከዚያ ይቅር ብላ አፉ ትበለኝ። ሳትቆጣ አፉ ያለችኝ እንደሆነ ግን ስለምታዝንልኝ ነው፤ እሱን አልፈልግም።»

«ስትድን ራስህ ሄደህ ትነግራታለህ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። እኔን እንዳይከፋኝ ነው እሺ ያለኝ። የሙሄንም ነገር አደራ አለኝ። ልብሱን አስተካከልኩለት፤ ልጆቹን ላይ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጠዋት ስመለስ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ አነጋገረኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። መኪናዋን ቤት ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ አሉ፤ መንገዱን ግን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ግቢ ውስጥ ሳቆማት፣ ጥላ ሥር መሆኗን ለማየት ወደ ኋላ መዞሬን ብቻ ነው። ዝናብ ነበር፤ ምን ጥላ አለ።

የሰፈሩ ወንዶች ኮልፌ ድረስ ሸኙት። ሴት ነኝና እኔ ቤት ቀረሁ። ከላፍቶ እነ ዳባ በጭቃው በእግራቸው መጥተው ነበር። ደገፋ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ትከሻውን ሰጥቶ መንገዱን ሁሉ አልለቅም ብሎ ነበር አሉኝ። አቶ ደምሰውም ከኋላ ሆነው ባርኔጣቸውን ይዘው ሲሄዱ ያያቸው ሰው ነግሮኛል። ሰዎቹ ሲመለሱ ውኃ ቀዳሁላቸው። ሴቶቹ «አልቅሺ እንጂ» ይሉኛል። እጄን አያለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። ከድጃ ስታፏጭ እሰማለሁ። አንድ ሰው በር ላይ ጫማውን ሲያራግፍ ብድግ እላለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ሌላ የምነግርዎት ስሜት የለኝም፤ ቢኖረኝ እነግርዎት ነበር።

ሙሄ በየቀኑ መጣ። ሰው ሲቀንስ ጠብቄ የመኪናዋን ቁልፍ ከሊብሬዋ ጋር ፊቱ አደረግኩት። «ይህ ያንተ ሐቅ ነው፤ ከሌላው ነጋዴ ጋር ተካፈሉት» አልኩት። ልጅዎ ሱቁ በር ላይ ቆሞ መመለሱንም ነገርኩት። ሙሄ ይህን ሲሰማ እንዲህ አለኝ፦ «አይቼዋለሁ እኮ። ሁለቱንም ጊዜ አይቼዋለሁ። ይገባል ብዬ ደንበኛውን ሳቆይ ሄደብኝ። ወጥቼ ልጠራው ይገባኝ ነበር። እሱ አፍሮ፣ እኔ ኮርቼ ነው የቀረነው። ችሎት ላይ ዝም ያልኩ ዕለት በልቤ ትቼለታለሁ፤ በአፌ አልነገርኩትም እንጂ። በእኔ በኩል አፉ ብዬዋለሁ፤ ዱንያም አኺራም። ያኛውን ሰውዬ ደግሞ እኔ አነጋግረዋለሁ፤ ወተቱ ቀስ እያለ ይከፍለዋል። ቁልፉን አንሺ፤ ልጆቹ ይብሉበት።» ቁልፉን መልሶ እጄ ላይ አደረገው። «የቀረው የእናቱ ነው» አለኝ።

የቀረው የእርስዎ ነው እናቴ። የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ወተቱን ዳባ በአህያ ጭኖ ሰፈር ድረስ ያመጣዋል፤ ቀመሪያና ዓለሚቱ እየዞሩ ያድሉታል። እኔ ዲናችን እንደሚያዘው ለጊዜው ከቤት አልወጣም፤ እርስዎም ባለቤትዎ ባረፉ ጊዜ ተቀምጠውበታልና የቀኑን ቁጥር ያውቁታል። በዚህ ምክንያት እግርዎ ሥር መጥቼ አልነገርኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ደብዳቤ የያዘው የቡታጅራ አውቶቡስ ሾፌር ማክሰኞ ያደርስልዎታል። ሐሙስ ሰዎች ይመጡብዎታል። ሼሁ አሉበት፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች አሉበት። ያን ቀን ገበያ አይውጡ። ታናሽ እህትዎን ከማታው ያስጠሯት፣ ከጎንዎ ትሁን። የሚመጡት በፔጆዋ ነው፤ የሚነዳት ሙሄ ነው። መንገድ ላይ ሲያዩዋት ልጆቹ ሮጠው «ሱልጣን መጣ» ይሉ ይሆናል። ልጆች ናቸው፣ አይቆጧቸው። ሙሄም ከመኪናው ሲወርድ ፊትዎን ማየት ቢያቅተው አይፍረዱበት።

ሰዎቹ የመጡበትን ከሰሙ በኋላ እርስዎ እናት ነዎት፤ ሁሉን ነገር አፉ ማለትዎ አይቀርም። እሱ ግን የፈለገው እንዲያ ያለውን አልነበረም። ጥፋቱን አውቀውበት፣ ተቆጥተውት፣ ከዚያ አፉ እንዲሉት ነው የፈለገው። ስለዚህ ዛሬ፣ ይህን አንብበው እንደጨረሱ፣ ነጠላዎን ወገብዎ ላይ ይሰሩ። በሩን ዘግተው፣ ልጅዎ ፊትዎ እንደቆመ አድርገው ይቆጡት። ስሙን እየጠሩ ይቆጡት። ሐሙስ ሳይደርስ ይጨርሱት።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ልብዎን ከጉልበትዎ የበለጠ ያጽናው። ዐይንዎን ለቁርአኑም ለደብዳቤውም ያቆይልዎት። ቀመሪያና ከድጃ እጅዎን ይስማሉ፤ የእሱን ዐይን የያዘችው ቀመሪያ ናት፣ ሲያዩዋት ያውቃሉ። ለእርስዎም ለእኛም ሶብሩን ይስጠን። አሚን።

የልጅዎ ሚስት፣
ልጅዎ